ማማው ለምን አልወደቀም?

ልጅ ሆኜ ማሽላው እሸት ሲይዝ ወደ ቆላ እላክ ነበር። አያቴ ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብላ ነበር የምትኖረው። ሥራዬ አንድ ነው፤ ማማ ላይ ወጥቶ ወፍ መጠበቅ። ወንጭፍ፣ የጠጠር ክምር፣ በቅል ውሃ። ከዚያ እስኪመሽ መጮህ። ግሪሳ ሲመጣ ሰማዩ ይጠቁራል። ዝንጀሮ ሲመጣ ደግሞ ጩኸትህን ከቁም ነገር አይቆጥረውም።

ያኔ ስለ ማማው አስቤ አላውቅም። የማስበው አሁን ነው። አራት ባላ፣ ማለትም ጫፋቸው ላይ መንታ ያላቸው ወፋፍራም ግንዶች፣ መሬት ውስጥ ተተክለዋል። መንታው ላይ ሁለት ወጋግራ ተጋድሟል። ወጋግራው ላይ ርብራብ፣ ርብራቡ ላይ አገዳ። ሁሉም በልጥ ታስሯል። አንድም ምስማር የለውም። ነፋስ ሲነሳ እንደ ግመል ጀርባ ይወዛወዛል። ሦስት ልጆች ላዩ ላይ ተጋፍተን ስንጣላ እንኳ አልወደቀም።

የወደቀው ካደግሁ በኋላ፣ ተምሬ፣ ሜትርና ውሃ ልክ ይዤ፣ ምስማር በኪሎ ገዝቼ ያሠራሁት ነው።

አጎቴ አንኮበር አካባቢ ነው የሚኖረው። እኔ ካለሁበት ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቤቱ የድሮ ነው፤ ድንጋዩ በጭቃ የተካበ፣ ግድግዳው ክንድ የሚያህል ውፍረት ያለው። ከጓሮ በር ሲወጡ መሬቱ ቁልቁል ይሄዳል። ከዚያ ገደሉ፣ ከገደሉ ወዲያ ቆላው። አየሩ የጠራ ቀን ዓይን እስከ አፋር ሜዳ ይሄዳል። አብዛኛውን ቀን ግን ጉም ከሥር ይነሳና ሁሉን ይሸፍነዋል። አጎቴ ጡረታ ሲወጣ አንድ ነገር አማረው። በጓሮ በር ወጥቶ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ ቆላውን እያየ ቡና መጠጣት። አንድ ሰው በስልክ የእንጨት ዴክ፣ ማለትም ከቤት ጀርባ በእግር ላይ የሚቆም ክፍት የእንጨት ወለል፣ ፎቶ አሳይቶት ነበርና ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣ።

ስሙ ላይ እንኳ አልተስማማንም። እኔ ዴክ እላለሁ። አጎቴ ሰገነት ይለዋል። እትዬ፣ የአጎቴ ባለቤት፣ ገና ሥራው ሳይጀመር ቆጥ አለችው። “ቆጥ ላይ ዶሮ ነው የሚወጣ” አለች። ቀጥላም “የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች” ብላ ተረተችብን።

እኔ የኮንክሪት ሰው ነኝ። ስለ ፌሮና ፌሮውን ዙሪያውን ስለሚያስረው ስታፋ ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝ እነግራችኋለሁ። ስለ እንጨት የማውቀው ግን ፎርማ ነው፤ ኮንክሪት የሚፈስበት የእንጨት ቅርጽ። ፎርማ ደግሞ ኮንክሪቱ እስኪጠና ይሸከምና ይፈርሳል። ለዓመታት የሚቆም እንጨት ሌላ ጉዳይ መሆኑን ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ጥር ላይ ሠራነው። ሦስት ሜትር በአራት ሜትር። በቤቱ በኩል አንድ ረጅም አግዳሚ እንጨት ግድግዳው ላይ ለጠፍን። ድንጋዮቹ መሀል የእንጨት ሽብልቅ ሰካንና አግዳሚውን በባለ 12 ሴንቲ ሜትር ምስማር ሽብልቁ ላይ መታነው። በገደሉ በኩል ሦስት የባህር ዛፍ ቋሚ አቆምን። ወለሉን የሚሸከሙትን እንጨቶች ከአግዳሚው እስከ ቋሚዎቹ ዘረጋን፤ ምስማሩንም በአግዳሚው አሳልፈን ጫፋቸው ላይ መታን። ባህር ዛፉ ከተቆረጠ ገና ሁለት ሳምንቱ ነበር። ሲመታ ቅቤ ነው፤ ምስማሩ ጥርቅም አድርጎ ይገባል። ደስ አለን። አናጢዎቹ ወጣቶች ነበሩ፤ ያልኳቸውን ሁሉ ሠሩ። ጥፋቱ የእኔ ነው።

በልግ ዘነበበት። ክረምት ዘነበበት። ከዚያ ፀሐይ ወጣ።

ኅዳር 12 የሚካኤል ማኅበር ተራ አጎቴ ጋ ደረሰ። ቤት ውስጥ የጠበባቸው ሰዎች ወደ ዴኩ ወጡ። ሃያ ይሆናሉ። አንድ ልጅ “ጭላዳ! ጭላዳ!” ብሎ ጮኸ። ከገደሉ አፋፍ ላይ የጭላዳ መንጋ ሣር ይነጫል። ሰው ሁሉ ብድግ ብሎ ወደ ውጪው ጫፍ ሄደ።

መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅ ነው። ሲጥ አለ። ምስማር ከእንጨት ሲወጣ የሚያሰማውን ድምፅ ፎርማ ያፈረሰ ሰው ያውቀዋል። ወለሉ ከሰዎቹ ጋር ወደ ገደሉ በኩል ጎነበሰ። ብዙም አይደለም፣ አንድ ስንዝር። በግድግዳውና በወለሉ መሀል ብርሃን ታየኝ። ከዚያ የቤቱ በኩል በአንዴ ዧ ብሎ ወረደ።

የወረደው ሁለት ስንዝር ብቻ ነው። ከሥሩ የቤቱን ግድግዳ ታክኮ የተሠራ፣ ከዴኩም ጎን አልፎ የሚሄድ መደብ ነበረ። እትዬ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የምትሞቅበት የጭቃና የድንጋይ መደብ። ወለሉ መደቡ ላይ ዘፍ ብሎ ቆመ። አንዲት እናት ቁርጭምጭሚታቸው ዞረ፤ ብዙ ጠላ ፈሰሰ። ሌላ ምንም። መደቡ ባይኖር ሃያ ሰው ወደ ገደሉ ይንሸራተት ነበር። ይህን ሳስብ አሁንም እጄ ያልበኛል።

እትዬ ምንም አልተናገረችም። መደቡን በእጇ መታ መታ አደረገችው። በቃ።

በሳምንቱ አጎቴ አንድ ሽማግሌ አናጢ ይዞ መጣ። የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ሲሠሩ ያረጁ ሰው ናቸው። ዞረው ዞረው አዩና ከመሬት አንድ ምስማር አንስተው ሰጡኝ። አልጎበጠም። አልተሰበረም። ቀጥ ያለ፣ እንደ አዲስ።

“ምስማሩ ምን አጠፋ ልጄ?” አሉ። “የማይችለውን ያሸከምከው አንተ። ምስማር ለማስያዝ ነው። መሸከም የእንጨት ሥራ ነው።”

ተናደድኩ። ማታ ቤቴ ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ፤ ሽማግሌው ልክ ነበሩ። ምስማር ከጎኑ ሲጫኑት ደህና ይሸከማል። ወደ ውጪ ሲስቡት ግን የሚይዘው የእንጨቱ ጭብጥ ብቻ ነው። እርጥብ እንጨት ውስጥ የተመታ ምስማር ደግሞ እንጨቱ ሲደርቅ ጭብጡን ያጣል። እንጨት ሲደርቅ በርዝመቱ አያጥርም ማለት ይቻላል፤ በጎኑ ግን ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል፣ ይጠመዘዛል። ባህር ዛፍ በዚህ በኩል ክፉ ነው። በእንጨቱ ቁርጥ፣ ማለትም በተቆረጠው ጫፍ፣ በጭራው (በቃጫው) አቅጣጫ የተመታ ምስማርማ ከሁሉ የባሰ ደካማ ነው። እኛ ሦስቱንም በአንድ ቦታ ሰብስበናቸዋል። እርጥብ እንጨት፣ በቁርጡ በኩል የተመታ፣ በጭቃ በተያዘ ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለ። እንዲህ ያለ ነገር አስቦ ለመሥራት ራሱ ችሎታ ይጠይቃል።

እንዲህ ያለው ስህተት የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ዴኮች የሚወድቁት ቤቱ ላይ በምስማር ብቻ የተለጠፈው አግዳሚ ሲነቀል ነው። ለዚህ ነው እዚያ ያለው የግንባታ ደንብ አግዳሚው በብሎን ይታሰር የሚለው። ብሎን ግን ጠንካራ ግድግዳ ይፈልጋል። በጭቃ የተካበ ድንጋይ ውስጥ ምንም ዓይነት ብሎን ብትሰካ የሚይዘው ጭቃውን ነው። መንዝም ሆነ አንኮበር የድሮ ድንጋይ ቤት ያላችሁ፣ ዴኩን ቤቱ ላይ አታንጠልጥሉት። በራሱ እግር ይቁም። ቤቱና ዴኩ ጎረቤት ይሁኑ እንጂ አይጋቡ።

ሁለተኛውን የሠሩት ሽማግሌው ናቸው። እኔ ሒሳብ ያዥና እንጨት አቀባይ ነበርኩ።

መጀመሪያ ሒሳቡን ልንገራችሁ፤ በእሱ ብቻ ነው የምኮራው። ለመኖሪያ ቤት ዴክ የተለመደው የጭነት ስሌት በካሬ ሜትር 195 ኪሎ ገደማ ነው። ለ12 ካሬ ሜትር 2,340 ኪሎ ይመጣል። አንድ ሰው 65 ኪሎ ነው ብንል 36 ሰው ማለት ነው። አጎቴ “36 ሰው እኮ ቤቱም ውስጥ ገብቶ አያውቅ” አለ። ነገሩ ግን የሰው ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ጭላዳ ሲመጣ ሁሉም አንድ ጥግ ላይ ነው የሚሰበሰበው። በገደሉ በኩል ያለው የመሀል ቋሚ ብቻውን ከ600 ኪሎ በላይ ሊሸከም ይችላል። ያ ሁሉ ክብደት የት ላይ ነው የሚያርፈው? ምስማር ላይ ከሆነ አለቀልን።

ሽማግሌው ስድስት ቋሚ ይሁን አሉ። ሦስቱ ከግድግዳው 30 ሴንቲ ሜትር ርቀው፣ ሦስቱ ከእነሱ 2 ሜትር ከ20 ወደ ገደሉ። የወለሉ እንጨት ከውጪው ቋሚ አልፎ ግማሽ ሜትር ብቻ ይወጣል፤ እሳቸው “ከሩብ አይለፍ” ይላሉ፣ በሁለቱ ቋሚዎች መሀል ካለው ርቀት ሩብ ማለት ነው፤ እኔ ያነበብኩትም ይኸው ሩብ ነው። ለቋሚነት ከፈረሰ የጎረቤት ቤት የወጣ የሐበሻ ጽድ አገኙ። ዕድሜው ከእኔ ይበልጣል፤ ሲጠረብ ግን ውስጡ ቀይ ሆኖ ሽታው አካባቢውን አወደው። ምስጥም ብስባሽም የማይደፍረው እንጨት ነው። ዛሬ ከወፍ ዋሻ ደን ጽድ ቁረጥ የሚል የለም፤ ጥብቅ ደን ነው። ስለዚህ አሮጌ ጽድ ሲፈርስ ካያችሁ ለማገዶ እንዳይሄድ ተሻሙ። ለወለሉ የተጠቀምነው የፈረንጅ ጽድ ጣውላ ነው፤ ስድስት ወር ጥላ ውስጥ ተደርድሮ የደረቀ።

አሁን ወደ ቋሚው ጫፍ ልውሰዳችሁ። ሽማግሌው መጋዛቸውን አነሱና ከቋሚው ራስ ላይ ግማሹን ቆርጠው አወጡ። ጎኑን በመሮ ጠረቡት። የቀረው ትከሻ ነው፤ እጅ በትክክል የሚቀመጥበት ጠፍጣፋ ትከሻ። ወጋግራውን አንስተን ስናስቀምጠው ትከሻው ላይ ዱብ ብሎ ተቀመጠ። ምንም ሳይታሰር፣ ምንም ሳይመታ፣ ላዩ ላይ ወጥተው ቆሙበት። “ብሎኑ የት አለ?” አልኩ። “ብሎኑ ነገ ነው። ዛሬ የተሸከመው ማን እንደሆነ እይ” አሉኝ።

ያኔ ነው ማማው የመጣልኝ። ይኼ እኮ ባላ ነው! ተፈጥሮ መንታ ያወጣለትን ግንድ የአያቴ ጎረቤቶች ከጫካ መርጠው ያመጡ ነበር፤ ሽማግሌው ደግሞ በመጋዝና በመሮ ሠሩት። ባላና ወጋግራ የሚባለው ዝም ብሎ አይደለም። አንዱ ይሸከማል፣ አንዱ ያርፋል። ልጡ ሥራው ወጋግራው እንዳይንሸራተት መያዝ ብቻ ነበር። ማማው ለዚህ ነው ተወዛውዞም ያልወደቀው።

በማግስቱ ብሎኑ ገባ። በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ብሎን ሁለት ሁለት። ሁለቱም ወገን ላይ ሰፊ ሮንዴላ፣ ማለትም መሀሉ የተበሳ ክብ ብረት፣ አለው፤ ያለ ሮንዴላ ብሎኑን የሚያጠብቀው ዳዶ እንጨቱን እየበላ ይገባል። ቀዳዳው ከእንጨቱ ጫፍ ስንት ይራቅ? መጽሐፉ ለእንደኛ ዓይነት ብሎን የውፍረቱን ሰባት እጥፍ ይላል፤ 84 ሚሊ ሜትር። ሽማግሌውን ጠየቅኋቸው። እጃቸውን እንጨቱ ላይ አጋደሙና “አራት ጣት” አሉ። ለካሁት። ትንሽ ጎደለ እንጂ ያው ነው። ከዚያ ከቀረበ ብሎኑ ሲሳብ እንጨቱ በጭራው ይሰነጠቃል። ደረቅ ባህር ዛፍ ላይ ደግሞ ሳይበሱ ምስማር መምታት አይታሰብም፤ ወይ ምስማሩ ይጎብጣል ወይ እንጨቱ ይሰነጠቃል። መብሻው ትራፓኖ ከሌለ አይጀመር።

ቀጥሎ ሰያፉ። የመጀመሪያው ዴካችን ወደ ገደሉ የጎነበሰው ሰያፍ ስላልነበረው ነው። አራት እንጨት አራት ማዕዘን አድርጋችሁ ብትመቱት በአንድ እጅ ገፍታችሁ ታጋድሙታላችሁ። አንድ ሰያፍ ጨምሩበት፤ ሦስት ማዕዘን ይሆንና ንቅንቅ አይልም። ከእያንዳንዱ ቋሚ ወደ ወጋግራውና ወደ ወለሉ እንጨት በሁለቱም አቅጣጫ ሰያፍ አደረግን። ሰዎች ሲሰበሰቡ ወደ ታች ብቻ አይጫኑም፤ ይገፋሉ፣ ይደንሳሉ፣ እስክስታም አለ።

ውሃው ነው የሚቀረው፤ ከሁሉም የሚያስፈራኝ እሱ ነው። በቺካጎ እንደ ፈረንጆቹ በ2003 አንድ ባለ ብዙ ፎቅ የእንጨት በረንዳ ሰው እንደሞላበት ወድቆ 13 ሰው ሞተ። ያ የጭነትና የአሠራር ነገር ነው። በ2015 ደግሞ በበርክሌይ፣ ካሊፎርኒያ፣ የአንድ አፓርታማ በረንዳ በልደት ድግስ ላይ ተቆርጦ ስድስት ወጣቶች ሞቱ። ሕንፃው ገና አሥር ዓመት አልሞላውም ነበር። የተሸከሙት እንጨቶች ውስጥ ውስጡን በስብሰው ነበር። ከላይ ምንም አይታይም፤ ውሃው ገብቶ መውጫ አጥቶ ነው። እንጨት እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች ከሆነ አይበሰብስም። ዝናብ አይገድለውም፤ የሚገድለው ዝናብ ጠጥቶ መድረቅ ሲያቅተው ነው። የእኛ አገር ጉም ደግሞ ሳይዘንብ ያረጥባል። ጠዋት የዴኩን መደገፊያ በእጅህ ብትዳስስ ውሃ ነው።

ስለዚህ ቋሚዎቹን መሬት ውስጥ አልቀበርናቸውም። የኮንክሪት እግር አፈሰስን፤ እዚህ ላይ የእኔ እጅ ገባ። ደብረ ብርሃን ያለ በያጅ ከወፍራም ላሜራ መያዣ ሠራልን። ቋሚው መያዣው ውስጥ ሲቀመጥ የታችኛው ቁርጡ ከኮንክሪቱ ሦስት ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። አየር ያልፍበታል። የድሮ ሰዎችም ከቋሚው ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ያደርጋሉ፤ ምክንያቱ ይኸው ነው። ጣውላዎቹ መሀል የባለ 10 ሴንቲ ሜትር ምስማር ውፍረት ያህል ክፍተት ተውን። ምስማሩን ራሱን መለኪያ አድርገው እየሰኩና እየነቀሉ ነው የሠሩት። ወለሉ በሜትር አንድ ሴንቲ ሜትር ወደ ገደሉ ያዘነብላል። ውሃ ወደ ቤቱ አይመለስም። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀቡት ያለን ሰው ነበር። አልቀባንም። እትዬ በርበሬ የምታሰጣው እዚያ ላይ ነው።

መደገፊያው ላይ ጭቅጭቅ ነበር። አጎቴ ዝቅ ይበል አለ፤ ተቀምጦ ቆላውን እንዲያይ። እኔ አንድ ሜትር አልኩ፤ አልተሸነፍኩም። አሜሪካኖቹ መደገፊያ ከላይ በኩል 90 ኪሎ ያህል ግፊት እንዲችል ይጠይቃሉ። ይህም ከባድ ነው፤ አንድ ሜትር ከፍታ ላይ የሚገፋ ሰው ከሥር ያለውን መጋጠሚያ እንደ ዲጂኖ ነው የሚፈነቅለው። ስለዚህ የመደገፊያው እግሮች በምስማር ጣውላው ላይ አልቆሙም፤ ወርደው ከወለሉ ወፍራም እንጨት ጋር በብሎን ታሰሩ። በመሀል ያሉት ዘንጎች ርቀታቸው ከአሥር ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። የአጎቴ የልጅ ልጅ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ጭንቅላቷ ያለፈበት ቦታ ሁሉ ሰውነቷም ያልፋል።

ባለፈው መስከረም ሄጄ ነበር። 19 ቁልፍና ካቻቢቴ ይዤ። አሠራሬ ቀላል ነው። በካቻቢቴው ጫፍ መጋጠሚያዎቹን ሁሉ ወጋ ወጋ አደርጋለሁ፤ ጤነኛ እንጨት ይመልሰዋል፣ የበሰበሰ ይውጠዋል። አንድም አልዋጠም። ከዚያ ዳዶዎቹን በየተራ ሞከርኩ። የወጋግራው ብሎኖች 12 ናቸው። ሦስቱ ላልተው ነበር። እንጨቱ ክረምቱን ጠጥቶ፣ አብጦ፣ ደርቆ፣ ሲኮማተር ዳዶውን ትቶት ሄዷል። አጠበቅኋቸው። ላልተውም ግን ወጋግራው ከትከሻው ንቅንቅ አላለም። ምን ያንቀሳቅሰዋል?

አጎቴ ቡናውን ዴኩ ላይ ሆኖ ይጠጣ ነበር። ጉሙ ገና አልተነሳም። “ስንት ሰው ይችላል አልክ?” አለኝ። 36 አልኩት። “እኛ ሃያ ነው የምናስገባው” አለ። “መምሬ ከመጡ አሥራ ዘጠኝ።”

እትዬ ጀበናዋን ይዛ ወጣች። አንደኛውን ስኒ ለአጎቴ፣ ሁለተኛውን ለእኔ በመደገፊያው ዘንግ በኩል አቀበለችን። እሷ ከታች መደቧ ላይ ናት። “ነይ እንጂ ውጪ፤ አጥብቄዋለሁ እኮ” አልኳት።

“አጥብቀኸው ከሆነ ልቅ ነበር ማለት ነው” አለችና ነጠላዋን አስተካክላ መደቡ ላይ ተመቻቸች።